አጀንዳው ላይ የሌለው መሬት፦ ስለ ከተማ ምክር ቤቶቻችን

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር፣ ግንቦት 2016 ዓ.ም. የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ



በዚህ መርሐ ግብር እንድናገር ስጋበዝ የተሰጠኝ ርእስ «የአካባቢ መንግሥት ተግዳሮቶች» የሚል ነበር። ርእሱ ሰፊ ነው፤ ውኃም፣ መንገድም፣ ደረቅ ቆሻሻም፣ ሥራ አጥነትም ይገባበታል። እኔ ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ይዤ መጥቻለሁ፤ እርሱም የከተማ ምክር ቤት ነው። ስለ ከንቲባ ብዙ እንናገራለን፤ በማዘጋጃ ቤት ላይ ያለን ምሬትም ብዙ ነው። ከንቲባውን የሚመርጠው፣ በጀቱን የሚያጸድቀው፣ በሕግ ከሁሉም በላይ የተቀመጠው አካል ግን እምብዛም አይነሳም። ተማሪዎቼን «የከተማችሁ ከንቲባ ማን ነው?» ብዬ ስጠይቅ ብዙ እጅ ይወጣል። «የምክር ቤት ተወካያችሁስ?» ስል ክፍሉ ጸጥ ይላል። ጸጥታው የተማሪዎቹ ጥፋት አይመስለኝም።

የምናገረው ነገር በአጭሩ ይህ ነው። ወደ ምክር ቤቶቻችን በየዓመቱ የሚቀርቡ ሰነዶች ዕቅድ፣ በጀትና የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት ናቸው። አባላቱ በእነዚህ ላይ ይወያያሉ፣ ድምፅ ይሰጣሉ። ከተማን ከተማ የሚያደርገው፣ አንዱን አበልጽጎ ሌላውን የሚያፈናቅለው ውሳኔ ግን የመሬት ውሳኔ ነው፤ እርሱም በአብዛኛው በእነዚህ ሰነዶች በኩል አያልፍም። ምክር ቤቱ እያለ የሌለ የሚመስለን በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። ይህ እንዴት እንደ ሆነ ለማሳየት እሞክራለሁ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ ጥቂት ወደ ኋላ ልመለስ። ከንቲባ የሚለው ማዕረግ ከዘመናዊው ማዘጋጃ ቤት በፊት በጎንደር የታወቀ ነበር። ሹሙ የቆየ ነው፤ ከሹሙ ጋር የሚቀመጥ የነዋሪዎች ምክር ቤት በዘመናዊ ሕግ የተደነገገው ግን ከጣልያን ወረራ በኋላ ነው። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 አዲስ አበባንና ጎንደርን በአንድ ደረጃ፣ ሌሎቹን ከተሞች ዝቅ ባለ ደረጃ መደበ። በዚያ ሥርዓት ነዋሪን ወክሎ ለመቀመጥ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት መሆን ያስፈልግ ነበር። ከንቲባው የሚሾመው ከላይ ነው፤ የምክር ቤቱ ውሳኔም የአገር ግዛት ሚኒስቴርን ይሁንታ ይጠብቃል። ዛሬ ላይ ሆነን ስናየው ጠባብ ጉባኤ ነው፤ ተከራዩና ደሃው ከደጅ ቀርተዋል። ሆኖም አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። በዚያ ጉባኤ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች የሚነጋገሩበት ነገር ባለቤቶች ነበሩ። መሬት ሲነሳ የሚጎዱትም የሚጠቀሙትም እነርሱ ስለ ነበሩ ለምን እንደ ተቀመጡ አይጠፋቸውም።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ይህ አዋጅ በትምህርት ክፍሎቻችን የሚጠናው እንደ ንብረት ሕግ ነው። እኔ እንደ አስተዳደር ሕግም ቢነበብ ደስ ይለኛል፤ የከተማ ቀበሌ የተወለደው በእርሱ ነውና። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሚደርስ ቤቶችን የማስተዳደር ሥራ ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ተሰጠ፤ ከዚያ በላይ የሚከራዩት ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ሄዱ። በዚህ ድንጋጌ ውስጥ የተሸሸገውን ነገር ተመልከቱ። የነዋሪው ተመራጭ በአንድ ጊዜ የነዋሪው አከራይ ሆነ። ሊጠየቅ የሚገባው ሰው ቤት የሚሰጥና የሚነሳ በሆነበት ስብሰባ ላይ ማን አንደበቱን ይፈታል? የቀበሌው ጽሕፈት ቤት መታወቂያ የሚሰጥበት፣ የስኳርና የዘይት ኩፖን የሚታደልበት፣ የኪራይ ደረሰኝ የሚቆረጥበት ቦታ ሆነ። ወላጆቻችን «ቀበሌ ተጠራሁ» ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ ይል የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአገር አስተዳደር ታሪካችን ውስጥ እስከ ዛሬ ድረስ እጅግ ሥር የሰደደው ይህ ልማድ ይመስለኛል፦ የቅርቡ መንግሥት የሚሰጥ አካል ነው፤ ስለዚህ ይለመናል እንጂ አይጠየቅም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሌላ ነገር አለ። በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ክልሎች አስፈላጊ ሆኖ በሚያገኟቸው የአስተዳደር እርከኖች እንደሚዋቀሩ፣ ሕዝቡም በዝቅተኛዎቹ እርከኖች በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለእነዚሁ እርከኖች በቂ ሥልጣን እንደሚሰጥ ይደነግጋል። ቃሉ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ከተማ የሚባል የመንግሥት እርከን በስሙ ጠርቶ አላቆመም። አዲስ አበባ በአንቀጽ 49 የራሷን ስፍራ አግኝታለች፤ ሌሎቹ ከተሞች የክልሎቻቸው ሕግ ፍጡራን ናቸው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ክልሎች የከተማ አዋጆችን አወጡ፤ ምክር ቤት፣ ከንቲባ፣ የከንቲባ ኮሚቴ፣ የማዘጋጃ ቤት ሥራ አስኪያጅ የሚባሉ አካላት ተቋቋሙ። ሥራውም በሁለት ተከፈለ፤ ትምህርትና ጤናን የመሰሉት መንግሥታዊ፣ መንገድና ጽዳትን የመሰሉት ማዘጋጃ ቤታዊ ተባሉ። ለመጀመሪያዎቹ ከክልሉ ድጎማ ይመጣል፤ ለሁለተኛዎቹ ከተማው ራሱን ይችላል ተባለ። «ራሱን ይችላል» የሚለውን ሐረግ ያዙልኝ፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ስለ ምርጫ ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ነገር ግን በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። በ1997 ዓ.ም. ለአዲስ አበባ ምክር ቤት በተደረገው ምርጫ ቅንጅት ከ138ቱ መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ። ተመራጮቹ ምክር ቤቱን ሳይረከቡ ቀሩ፤ ከተማዋ እስከ 2000 ዓ.ም. ድረስ በባለ አደራ አስተዳደር ቆየች። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ ለአካባቢ ምክር ቤቶች ምርጫ ሲደረግ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ መቀመጫዎች ቀረቡ፤ የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 አባላት እንዲኖሩት ተደርጎ ነበር። ሦስት መቶ ሰው በሚቀመጥበት አዳራሽ ንግግር ይደረጋል እንጂ ምክክር አይደረግም፤ ይህን ለማወቅ የፖለቲካ ሳይንስ መማር አያስፈልግም፣ የዕድር ስብሰባ ላይ መገኘት ይበቃል። ቀጣዩ የአካባቢ ምርጫ በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ተካሄደ። ከዚያ በኋላ ያለው በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ ሲገባው ተራዘመ፤ ዳግመኛም ተራዘመ። አዲስ አበባና ድሬዳዋ በሰኔ 2013 ዓ.ም. መርጠዋል። በክልል ከተሞች ያሉት ምክር ቤቶች ግን በ2016 ዓ.ም.ም መነሻቸው ያው የ2005 ዓ.ም. ምርጫ ነበር። ለ5 ዓመት የተሰጠ ውክልና ከዘመኑ በላይ ብዙ ዓመታት ቆይቷል። በእነዚህ ዓመታት መካከል የሞተ አለ፣ ከከተማው የለቀቀ አለ፣ በሹመት ወደ ሌላ ቦታ የሄደ አለ።

የሕዝብ ቆጠራውም ነገር ከዚህ ጋር ይያያዛል። የመጨረሻው ቆጠራ በ1999 ዓ.ም. ሲደረግ ከሕዝባችን 16.1 በመቶው ከተሜ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያ ነው። ከተሞቻችን እንዴት እንዳበጡ በዓይናችን እያየን ስንት ነዋሪ እንደሚወከልባቸው ግን ቆጥረን አናውቅም።

እንግዲህ ብዙዎች «ምርጫ ይደረግ፣ ሁሉም ይስተካከላል» ይላሉ። ምርጫው መደረግ አለበት፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ነገ በነጻ ውድድር የተመረጡ፣ የተማሩ፣ ደፋር አባላት ቢቀመጡ ምን ይቀርብላቸዋል? ያው ዕቅድ፣ ያው በጀት፣ ያው ሪፖርት ነው። ስለዚህ ከአዳራሹ ደጅ ወደ ውስጥ እንግባ።

ባለፉት ዓመታት ለጥናት ሥራዬ በተለያዩ ከተሞች የምክር ቤት ጉባኤዎች ላይ በታዛቢነት ተቀምጫለሁ። የከተሞቹን ስም አልጠራም፤ ፈቅደው ያስገቡኝን ሰዎች ማሳፈር አልሻም፤ ያየሁትም ነገር የአንድ ከተማ ብቻ አይደለም። ጉባኤው ለሁለት ቀን ይጠራል። አባላቱ ጠዋት ሲገቡ በር ላይ የታተመ ሪፖርት ይታደላቸዋል፤ አንዱን በእጄ መዝኜዋለሁ፣ ከ70 ገጽ ያላነሰ ነበር። ከንቲባው ሪፖርቱን እስከ ሻይ ዕረፍት ያነብባሉ። ከዕረፍት በኋላ አፈ ጉባኤዋ ቤቱን ለውይይት ይከፍታሉ። አባላት እጅ ያወጣሉ፤ አንዱ ስለ ሰፈሩ ተፋሰስ ይናገራል፣ ሌላው ስለ መብራት ምሰሶ፣ ሌላው በትምህርት ቤቱ ደጃፍ ስላለው የቆሻሻ ገንዳ። ጥያቄዎቹ እውነተኛ ናቸው፤ መልሱም በጨዋነት ይሰጣል፦ «እንደ ጥሩ አስተያየት ወስደነዋል።» ከዚያ ሪፖርቱ በሙሉ ድምፅ ይጸድቃል። በጀቱም እንዲሁ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ከጀመረ ሳምንታት ካለፉት በኋላ በጀት ሲጸድቅ ያየሁበት ጊዜም አለ፤ ገንዘቡ መውጣት ጀምሮ ነበር።

በዚህ ጊዜ ከአዳራሹ ከሚወጡት ሰዎች መካከል «የአባላቱ አቅም ዝቅተኛ ነው፤ ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል» የሚል አይጠፋም። ይህን አስተያየት አልቀበለውም። ሥልጠና በዚህ አገር ለሁሉም በሽታ የሚታዘዝ መድኃኒት ሆኗል። ሰነዱን በዚያው ጠዋት የተቀበለ ሰው፣ ፕሮፌሰርም ቢሆን፣ እስከ ሻይ ሰዓት ድረስ ስለ ተፋሰስ ካልሆነ ስለ ሌላ ነገር ሊጠይቅ አይችልም። አብዛኞቹ አባላት ሌላ መደበኛ ሥራ አላቸው፤ ካየኋቸው ውስጥ ብዙዎቹ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች፣ የዚያው የከተማ አስተዳደር ሠራተኞች ናቸው። የዓመት ዕረፍታቸውን የሚፈርምላቸውን ኃላፊ ሊጠይቁ ነው የተቀመጡት። ቋሚ ኮሚቴ አላቸው፤ ኮሚቴው የራሱ ባለሙያ፣ የራሱ ተሽከርካሪ፣ አንዳንዴም የራሱ ጠረጴዛ የለውም። ሊጎበኝ የሚሄደው በሚጎበኘው መሥሪያ ቤት መኪና ነው።

በአንዱ ጉባኤ ላይ ግን የተለየ ነገር ሰማሁ። አንዲት የምክር ቤት አባል፣ በሙያዋ ነርስ ናት፣ ተነሥታ እንዲህ ስትል ጠየቀች፦ በዚህ ዓመት በምደባ የተሰጠው ቦታ ስንት ካሬ ሜትር ነው? ለማን ነው የተሰጠው? ቀድሞ በቦታው ላይ የነበሩት ሰዎችስ የት ናቸው? አዳራሹ ዝም አለ። መልሱ አጭር ነበር፦ «ይህ የካቢኔ ጉዳይ ነው።» እርሷም ተቀመጠች። በጎኔ የነበረ አንድ ባለሥልጣን «መልሱ ትክክል ነው» አለኝ። ወደ ቤቴ ሄጄ ሕጉን እንደገና አነበብሁት። እውነትም መልሱ ትክክል ነበር።

በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታን በሊዝ ስለ መያዝ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 721 መሬት የሚተላለፍባቸውን ሁለት መንገዶች ደንግጎ ነበር፦ ጨረታና ምደባ። ጨረታው ለሁሉም ክፍት ነው፤ ዋጋው ይታወቃል፣ አሸናፊውም በይፋ ይገለጻል። ምደባው ያለ ውድድር የሚሰጥ ነው። ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ለማኅበራዊ አገልግሎት ተቋማት፣ ለመንግሥት የቤት ልማት ፕሮግራሞች፣ ለእምነት ተቋማት፣ ለአምራች ኢንዱስትሪ፣ ለኤምባሲዎች፣ እንዲሁም የክልሉ ርእሰ መስተዳድር ወይም የከተማው ከንቲባ ልዩ አገራዊ ፋይዳ አላቸው ብሎ ለሚያቀርባቸው ፕሮጀክቶች ይፈቀድ ነበር። የሚፈቅደው ማን ነው? ሕጉ በግልጽ ይናገራል፦ የክልሉ ወይም የከተማው አስተዳደር ካቢኔ። በዚህ ድንጋጌ ውስጥ ምክር ቤት የሚል ቃል አይገኝም። ከንቲባው ሐሳቡን ያቀርባል፤ ከንቲባው የሚሰበስበው ካቢኔ ይወስናል። ለመኖሪያ ቤት የሚሰጥ የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው። የምክር ቤት አባል የሥራ ዘመን 5 ዓመት ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ የካቢኔ ስብሰባ ለአንድ ክፍለ ዘመን የሚያስር ውሳኔ ይሰጣል፤ ለአንድ ዓመት የሚያገለግለው የጽሕፈት መሣሪያ በጀት ደግሞ በሁለት ቀን ጉባኤ ይጸድቃል። ይህ ሚዛን መዛባቱን ለማየት የግድ የፖለቲካ ወገን መያዝ አያስፈልግም።

አሁን «ራሱን ይችላል» ወዳልሁት ሐረግ ልመለስ። ከተማው በምን ራሱን ይችላል? የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ግብር መሠረቱ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 80 ነው። የዚያን ዘመን የቤት ኪራይ ግምት ይዞ የቆየ ግብር ምን ያህል መንገድ እንደሚሠራ ልነግራችሁ አይገባም። በአዲስ አበባ በ2015 ዓ.ም. የጣሪያና ግድግዳ ግብር ስሌት ሲሻሻል የማውቃቸው የቤት ባለቤቶች ጭማሪውን የሰሙት ሊከፍሉ በሄዱበት መስኮት ላይ ነው፤ ተወካያቸው ስለዚህ ምን እንደ ተናገረ ስጠይቃቸው «ተወካይ አለን እንዴ?» አሉኝ። ግብሩ ትንሽ፣ የአገልግሎት ክፍያውም ትንሽ ሲሆን ከተማው የቀረው ሀብት መሬት ነው። መሬት በሊዝ ይሸጣል፤ ገቢው ለመንገዱም፣ ለድልድዩም፣ አንዳንዴም ለደመወዙ ይውላል። የተሸጠ መሬት በሚቀጥለው ዓመት አይሸጥም፤ ስለዚህ ሌላ መሬት መገኘት አለበት። ከየት? ከመሃል የቆዩ ሰፈሮችን በማንሣት፣ ወይም ከከተማው ዳር ገበሬን በማንሣት።

ገበሬው ለምን እንደሚያሳስበኝ ልንገራችሁ። በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 455 የሚነሣ ባለይዞታ ካሣ የሚሰላው በአማካይ ዓመታዊ ምርቱ ዋጋ 10 እጥፍ ነበር፤ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ወደ 15 እጥፍ ከፍ ብሏል። መሻሻል ነው። የአቤቱታ ሰሚ አካልና የይግባኝ ሰሚ ጉባኤም እንዲኖር ተደርጓል፤ ይህም መሻሻል ነው። ነገር ግን አቤቱታ የሚመጣው ከውሳኔ በኋላ ነው። ከውሳኔ በፊት ይህ ገበሬ የት ይሰማል? የሚኖረው በገጠር ቀበሌ ነው፤ ድምፅ የሚሰጠው ለገጠር ወረዳው ምክር ቤት ነው። መሬቱን የሚፈልገው የከተማው አስተዳደር ነው። ከተማው ውስጥ የሚቆጠረው መሬቱ ወደ ከተማ ከተካለለ በኋላ ነው። በዚያ ጊዜ ደግሞ ከእርሱ ጋር የሚቀመጡት የምክር ቤት አባላት ከፊሎቹ የዚያው መሬት ተጠባባቂዎች ናቸው፤ በማኅበር ተደራጅተው ቤት መሥሪያ የሚጠብቁ መምህራንና ሠራተኞች። ክፉ ሰዎች አይደሉም። እነርሱም ለዓመታት በኪራይ የተንገላቱ ናቸው። የሁለት ችግረኞች ጥያቄ በአንድ ቁራሽ መሬት ላይ ሲጋጭ በአደባባይ የሚመዝነው አካል ያስፈልጋል፤ ለዚህ ደግሞ ከምክር ቤት የተሻለ አላውቅም። ጉዳዩ ግን ወደዚያ አይመጣም።

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረውን የኮሪደር ልማት ሁላችሁም በየመንገዱ ታዩታላችሁ። መንገዱ ያምራል አያምርም የሚለው የእኔ ርእስ አይደለም፤ የእግረኛ መንገድ መስፋቱን ማንም አይጠላም። ለናንተ ለተመራማሪዎች የምተወው ጥያቄ ሌላ ነው፦ አንድ ሰፈር እንዲነሣ ከመወሰኑ በፊት ያ ሰፈር በየትኛው ጉባኤ፣ በየትኛው የአጀንዳ ተራ ቁጥር ስሙ ተጠራ? ይህን ጥያቄ ለ1960ዎቹም፣ ለ2000ዎቹም መጠየቅ ይቻላል። በየዘመኑ የተነሡ ሰፈሮች አሉ፤ መልሱን የምንፈልገው ከቃለ ጉባኤ ውስጥ ነው።

በተቃራኒው ምክክር የሠራበትን ሁኔታም አይቻለሁና ስለ እርሱ ጥቂት ልቆይ። ያየሁት በኮብልስቶን መንገድ ሥራ ላይ ነው። በብዙ ከተሞች የውስጥ ለውስጥ መንገድ ሲነጠፍ ነዋሪው ከወጪው ድርሻ ያዋጣል፤ ቀሪውን ማዘጋጃ ቤቱ ይሸፍናል። ገንዘቡን የሚሰበስበው ከሰፈሩ የተመረጠ ኮሚቴ ነው። በአንድ ሰፈር የኮሚቴው ጸሐፊ የነበሩት ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሠራተኛ በየምሽቱ ወጥተው የተነጠፈውን በሜትር ይለኩ ነበር። ተቋራጩ ስድስት ሜትር ስፋት ብሎ ያስመዘገበውን አምስት ከግማሽ ሆኖ አገኙት። ክፍያው ታገደ፣ ጎኑ ተስተካከለ። እኚህ ሰው ሥልጠና አልወሰዱም። ያዋጡት የራሳቸው ብር ነበር፤ ውሉ በእጃቸው ነበር፤ ሜትሩም በእጃቸው ነበር። ምክር ቤት የጎደለው ይህ ነው። በዓለም ባንክ ድጋፍ በተካሄዱት የከተሞች ልማት ፕሮግራሞች፣ በሁለተኛው ምዕራፍ 44፣ በኋላም 117 ከተሞች ውስጥ፣ የገንዘቡ መጠን በየዓመቱ ከሚደረግ የአፈጻጸም ምዘና ጋር መያያዙ በከተሞች የሰነድ አያያዝ ላይ ለውጥ አምጥቷል ብዬ አስባለሁ። ምዘናው ግን ወደ ላይ የሚላክ ነው። መዛኙ ከውጭ ይመጣል፤ ወረቀቱ ለእርሱ ይዘጋጃል፤ የከተማው ምክር ቤት አባል ብዙ ጊዜ ያንን ወረቀት አያየውም።

ወደ ሌላ አገር ለአፍታ ልሻገር፤ ንጽጽሩ ስለሚጠቅመን ነው። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት የአካባቢ መንግሥትን በራሱ ምዕራፍ አቁሟል፤ የማዘጋጃ ቤቱን የሕግ ማውጣትም የማስፈጸምም ሥልጣን ለምክር ቤቱ ይሰጣል። በ2003 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣ የማዘጋጃ ቤቶች የፋይናንስ ሕግ አላቸው፤ ዋና ኦዲተሩ የማዘጋጃ ቤቶችን ሒሳብ በየዓመቱ መርምሮ ውጤቱን ለሕዝብ ይገልጻል። ይህ ሁሉ እያለ ብዙዎቹ ማዘጋጃ ቤቶች በችግር ውስጥ ናቸው፤ ሙስናውም፣ የመብራትና የውኃ መቋረጡም አለ። ጥሩ ሕግ መልካም አስተዳደርን አይወልድም። ሆኖም አንድ ደቡብ አፍሪካዊ ከተማው የት እንደ ወደቀ በስም፣ በዓመትና በቁጥር መናገር ይችላል። ጋዜጠኛው ያነብበዋል፣ ተቃዋሚው ይከራከርበታል። እኛ ዘንድ አዲስ አበባ የራሷ ዋና ኦዲተር አላት፤ ሪፖርቱም ለምክር ቤቷ ይቀርባል። ከዚያ ውጭ ያለ መካከለኛ ከተማ የሚመረመረው የክልሉ ኦዲተር ተራው ሲደርሰው ነው።

ምን ይደረግ ለምትሉኝ፣ ትልቅ ማሻሻያ አላሰብሁም። ሕገ መንግሥት መቀየር አልጠይቅም። በመጀመሪያ የምመኘው አንድ ሉህ ነው። በየሩብ ዓመቱ በምደባ የተላለፈ ቦታ ሁሉ ስፋቱ፣ ቦታው፣ ተቀባዩ፣ የተሰጠበት ምክንያት፣ ቀድሞ ይዞት የነበረው ሰው ብዛትና የተከፈለ ካሣ የሚጻፍበት ሰንጠረዥ ለምክር ቤቱ ይቅረብ፤ በማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይም ይለጠፍ። ካቢኔው የመወሰን ሥልጣኑን እንደ ያዘ ይቆይ፤ የወሰነውን ግን ይናገር። ይህን ለማድረግ አዋጅ አያስፈልግም፤ የምክር ቤቱ የአሠራር ደንብ ይበቃል፤ ደንቡን የሚያወጣው ምክር ቤቱ ራሱ ነው። ሰነድ ከጉባኤው 10 ቀን በፊት ካልደረሰ አጀንዳው ለሚቀጥለው እንዲተላለፍ የሚል አንድ አንቀጽም በዚያው ደንብ ውስጥ መጨመር ይቻላል። ለአፈ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ደግሞ በከንቲባው የማይቀጠር፣ በከንቲባው የማይነሣ አንድ የሒሳብ ባለሙያና አንድ የመሬት ባለሙያ ይሰጠው። ሁለት ደመወዝ ነው። ከአንድ ዓመት የስብሰባ ሻይና ውኃ ወጪ ጋር አወዳድሩት፤ እኔ በአንድ ከተማ አወዳድሬው ስለነበር ነው።

በዚህ ሐሳብ ላይ አንድ ባልደረባዬ ጠንካራ ተቃውሞ አቅርቦልኛል፤ በቅንነት ልንገራችሁ። «ሰንጠረዡ ቢለጠፍ የሚያነብበው ሰው ማን ነው? ያነበበውስ ምን ያደርጋል? የሚጠይቀው አባል ነገ ከሥራው ቢፈናቀልስ?» አለኝ። የመጨረሻው ጥያቄ ከባድ ነው። ያቺ ነርስ ከዚያ ጉባኤ በኋላ ምንም አልደረሰባትም፤ ዳግመኛ ስትጠይቅ ግን አልሰማኋትም። ከአስተዳደሩ ደመወዝ የሚበላ ሰው አስተዳደሩን እንዲቆጣጠር መጠበቅ ፍትሐዊ አይደለም። በምርጫ ሕጉም ሆነ በክልሎች የከተማ አዋጆች ውስጥ የከተማው አስተዳደር ተቀጣሪ በዚያው ከተማ ምክር ቤት የሚቀመጥበት ሁኔታ ገደብ ሊበጅለት ይገባል ብዬ አምናለሁ። ይህን ማድረግ ምክር ቤቱን ከተማሩ ሰዎች ባዶ ያደርገዋል የሚል ስጋት አለ። ከነጋዴው፣ ከጡረተኛው፣ ከቤት እመቤቷ፣ ከሹፌሩ ውስጥ ሜትር ይዞ የሚወጣ ሰው አይጠፋም፤ በኮብልስቶኑ መንገድ ላይ አይቼዋለሁ።

ለተማሪዎች አንድ የሥራ ጥያቄ አለኝ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ስትፈልጉ ብዙዎቻችሁ መጠይቅ አዘጋጅታችሁ የነዋሪዎችን «የእርካታ ደረጃ» ትለካላችሁ። መደርደሪያዎቻችን በእንዲህ ያለ ሥራ ሞልተዋል። ወደ አንድ ከተማ ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ የ10 ዓመት ቃለ ጉባኤ እንዲያስነብቧችሁ ጠይቁ። መሬት የሚለው ቃል ስንት ጊዜ እንደ ተነሣ ቁጠሩ፤ ማን እንዳነሣው፣ ምን መልስ እንደ ተሰጠው መዝግቡ። አንዳንዱ ቦታ መዝገቡ አይገኝም ይሏችኋል፤ አንዳንዱ ቦታ በጆንያ ተጠርዞ መጋዘን ውስጥ ታገኙታላችሁ። ከባልደረቦቼ ጋር በሦስት ከተሞች ጀምረነዋል፤ እጅ ስለሚያስፈልገን በዚህ ሥራ ለመሳተፍ የሚፈልግ ተማሪ በሚቀጥለው ሰኞ ከሰዓት በኋላ በቢሮዬ ያገኘኛል።

ሰዓቴን ጨርሻለሁ። ከከተማ አስተዳደር የመጡት እንግዶቻችን ባልሁት ሁሉ እንደማይስማሙ ከፊታቸው አያለሁ፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥያቄ ከእነርሱ ብቀበል ደስ ይለኛል።